«ልክ ነህ» ስንል ምን እየለካን ነው?

ይህ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ፣ ንባብ በሚወዱ ሰዎች ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከተቀዳው ድምፅ ነው የተገለበጠው፤ ብዙም አልነካካሁትም።

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? ይሰማል? እሺ፣ ጥሩ።

ከሁሉ በፊት ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቡናው አለ፣ ኳሱ አለ። ያን ሁሉ ትታችሁ ስለ ጂኦሜትሪ ልትሰሙ መጣችሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አለ ብዬ ለባለቤቴ ብነግራት አታምነኝም። አንዳንዶቻችሁ ፊት ላይ ደግሞ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ትዝታ አያለሁ። አይዟችሁ፣ ዛሬ ፈተና የለም። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ማርክ መቀነስ ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

ሦስት ነጥብ ይዤ ነው የመጣሁት። አንደኛው ስለ ዓይናችን ነው። ሁለተኛው ስለ አዲስ አበባ ነው፤ ጭንቅላታችን ውስጥ ስላለችው አዲስ አበባ። ሦስተኛው ስለ ቀጥታ መስመር ነው። በመሃል ወሬ ይዞኝ ከሄደ ጎትታችሁ መልሱኝ።

ወደ ነጥቦቹ ሳልገባ ግን በአንድ ቃል ላስቸግራችሁ። «ልክ» በሚለው ቃል።

እስቲ አስቡት። ሰው እውነት ሲናገር ምን እንለዋለን? «ልክ ነህ»። ልብስ ሰፊ ዘንድ ስንሄድ ምን እንሰጣለን? ልካችንን። የጠገበውንስ ምን እንለዋለን? «ልክህን እወቅ»። ሲብስብን ደግሞ «ልክ ልኩን ነገርኩት» ብለን እንመለሳለን። ቃሉ አንድ ነው። ሜትር በአንገቱ ያንጠለጠለው ልብስ ሰፊና ፍርድ ቤት የቆመው እውነተኛ ምስክር በአንድ ቃል ይገናኛሉ።

በዚህ አያበቃም። ሰውን «ጠማማ» ስንል ስለ ወገቡ አይደለም የምናወራው። «ቀና ሰው ነው» ስንልም አንገቱን አይተን አይደለም። መስመር ሳተ እንላለን። ከጎኔ ቁም እንላለን። ዙሪያ ጥምጥም አትሂድብኝ እንላለን። ስለ ሰው ጠባይ ልንናገር አፋችንን ስንከፍት የሚወጣው ጂኦሜትሪ ነው። ለምን ይመስላችኋል?

እኔ ቃሉን የተማርኩት ከትምህርት ቤት አይደለም። ከአባቴ ነው። ያደግሁት እዚሁ ቅርብ፣ ሠራተኛ ሰፈር ነው። አባቴ ግንበኛ ነበር። ፊደል ቆጥሯል እንጂ ሒሳብ አልተማረም። አንድ ከረጢት ነበረችው፤ ውስጧ ቱንቢ (ያ በሲባጎ ጫፍ የሚንጠለጠለው ብረት)፣ ውሃ ልክ፣ ስኳድራና የሲባጎ ጥቅል አለ። መሠረት ሲያወጣ ሲባጎ ይወጥርና በአንዱ ጎን 60 ሳንቲም፣ በሌላው ጎን 80 ሳንቲም ላይ ምልክት ያደርጋል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ድፍን 100 ሳንቲም ከመጣ ጥጉ ልክ ነው። ካልመጣ ሲባጎውን ያንቀሳቅሳል። ስልሳ፣ ሰማንያ፣ መቶ። ስልሳ፣ ሰማንያ፣ መቶ። እኔ ይህን ከማባዛት በፊት ነው በቃሌ የያዝኩት።

በኋላ መምህራችን ሰሌዳ ላይ 3፣ 4፣ 5 ጽፈው «ይህ የፓይታጎረስ ነው» ሲሉን እጄን አወጣሁና «ይሄ የአባቴ ነው» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ግን እኮ ፓይታጎረስም የመጀመሪያው አልነበረም። ከእሱ ከሺህ ዓመት በላይ ቀድመው ባቢሎናውያን እንዲህ ያሉ ቁጥሮችን በሸክላ ጽላት ላይ ቀርጸዋቸዋል። እነሱም ግንበኛ ነበራቸው።

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ አንድ ክረምት፣ የጎረቤት ኩሽና ግድግዳ ላይ ብሎኬት እንድደረድር ፈቀደልኝ። ቱንቢ መስቀል ታከተኝ። በዓይኔ እየገመትኩ ደረደርኩ። ቆሜ ሳየው እንዴት ያምራል! ቀጥ ያለ፣ ሻማ የመሰለ። አባቴ መጣ። ምንም አላለም። ቱንቢውን ከላይ አንጠለጠለ። ግድግዳው ሦስት ጣት ያህል ወደ ውስጥ አዘንብሏል። በእግሩ ገፋ አደረገው፤ ሙሉው ተናደ። «ዓይን ይዋሻል፣ ቱንቢ አይዋሽም» አለኝና ሻይ ሊጠጣ ሄደ።

አንደኛው ነጥቤ እዚህ ጋ ይጀምራል። ዓይን ለምን ይዋሻል?

ይህን ወረቀት እዩት። ሁለት መስመር አስምሬያለሁ። የላይኛው ጫፍና ጫፉ ላይ ቀስት አለው፤ የቀስቶቹ ክንፎች ወደ ውስጥ ታጥፈዋል። የታችኛው ክንፎች ወደ ውጭ ተከፍተዋል። የትኛው ይረዝማል? እጅ አውጡ። የታችኛው የምትሉ? አዎ፣ አዳራሹ ሁሉ ማለት ነው። ይኸው ማስመሪያ፤ እርስዎ ከፊት ያሉት እናቴ፣ ይለኩልን። ስንት መጣ? ሁለቱም 12 ሳንቲም። እኩል ናቸው! አሁን እኩል መሆናቸውን አወቃችሁ። መልሳችሁ እዩዋቸው። እኩል ሆነው ታዩአችሁ? አልታዩም። ማወቅ ዓይንን አያርመውም።

ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ1889 ያሳተመው ሙለር ላየር የሚባል ጀርመናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ ሴጋል፣ ካምቤልና ሄርስኮቪትስ የተባሉ ተመራማሪዎች ሥዕሉን በተለያየ ዓለም ለሚኖሩ ሰዎች አሳይተው ያገኙትን ጻፉ። አሜሪካ ውስጥ በከተማ የሚኖሩት በጣም ተታለሉ። የካላሃሪ የሳን ሰዎች ግን እምብዛም አልተታለሉም። ለምን? ተመራማሪዎቹ ምክንያቱ ቤት ነው አሉ። በአራት ማዕዘን ክፍል፣ በአራት ማዕዘን ጠረጴዛ፣ በአራት ማዕዘን መስኮት መካከል ያደገ ዓይን ወደ ውጭ የተከፈተውን ቀስት ሲያይ ራቅ ያለ የክፍል ጥግ ይመስለዋል። ራቅ ያለ ነገር ከሆነ ደግሞ ትልቅ መሆን አለበት ብሎ በራሱ ያስረዝመዋል። ጥግ የሌለበት አገር ያደገ ዓይን ይህ ልማድ የለውም።

እኔ ይህን ማብራሪያ ስወደው! የእኛን አገር አስቡ። ጎጆው ክብ፣ ምጣዱ ክብ፣ መሶቡ ክብ፣ አውድማው ክብ። የገጠሩን ቤተ ክርስቲያን ግቡና እዩ። ውጪው ክብ ነው። ቅኔ ማኅሌቱ ዙሪያውን ይሄዳል፣ ከእሱ ውስጥ ቅድስቱ፣ መሃሉ ላይ ግን መቅደሱ አራት ማዕዘን ነው። ክብ ውስጥ አራት ማዕዘን። እዚህ ከጀርባችን ያለው ጊዮርጊስ ደግሞ ስምንት ጎን ነው፤ አራት ማዕዘኑንና ክቡን ያስታረቀ ይመስለኛል። ሰው ቅርጽ ውስጥ ያድጋል፣ ቅርጹም ዓይኑ ውስጥ ይቀራል። ይህን ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት እየማልኩ አስተምሬያለሁ።

ከዚያ አንድ ነገር አፌን አስያዘኝ። ሕንድ ውስጥ ዓይነ ስውር ሆነው ተወልደው በቀዶ ሕክምና ማየት የጀመሩ ልጆች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት ይህንኑ ሥዕል ዓይናቸው እንደተከፈተ አዩት። ክፍልም ጥግም አይተው አያውቁም። ተታለሉ! እንደ እኛው ተታለሉ። እንግዲህ ሁሉም ከቤት የመጣ አይደለም። የሆነ ነገር ከመጀመሪያው እዚህ፣ ጭንቅላታችን ውስጥ አለ። የተወለድንበት ምን ያህል ነው፣ ያደግንበት ምን ያህል? ክርክሩ አልተዘጋም። እኔም ከዚያ ወዲህ በግማሹ ብቻ ነው የምምለው።

እሺ፣ ሁለተኛው። አዲስ አበባ።

መኪና በስልክ ጠርታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ስልኩ የት እንዳለሁ በሳተላይት ያውቃል። ካርታው ላይ ነጥብ ሆኜ እበራለሁ። ሹፌሩ ነጥቡን ያየዋል። ከዚያስ ምን ያደርጋል? ይደውላል! «ጋሼ፣ ከምኑ ጋ ነዎት?» እኔስ ምን እላለሁ? «ከፋርማሲው ጎን፣ ጀበና ቡና ያለችበት፣ ከእሷ ፊት ለፊት።» «አሃ፣ ገባኝ!» ይላል። በቢሊዮን ብር የሚቆጠር ሳተላይት ያላስረዳውን ጀበና አስረዳው።

አትሳቁ፣ ይህ ኋላ ቀርነት አይደለም። ሌላ ዓይነት ጂኦሜትሪ ነው። ስንት ሜትር፣ ስንት ዲግሪ ብሎ አይጠይቅም። ምን ከምን ጋር ይያያዛል? ምን ከምን ጎን ነው? ይህን ብቻ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1736 ገደማ ኦይለር የሚባለው ሊቅ ስለ ኮኒግስበርግ ከተማ ድልድዮች ጻፈ። ሰባት ድልድይ አለ። አንዱንም ሳትደግም ሁሉንም ተሻግረህ መጨረስ ትችላለህ? አትችልም፤ ለምን እንደማይቻል አረጋገጠ። የወንዙ ስፋት፣ የድልድዩ ርዝመት፣ የመንገዱ መጣመም ምንም አላስፈለገውም። ግንኙነቱ ብቻ። ዛሬ ቶፖሎጂ የምንለው የሒሳብ ዘርፍ ሥሩ እዚያ ነው። የታክሲ ረዳት «አራት ኪሎ፣ ፒያሳ! አራት ኪሎ፣ ፒያሳ!» ሲል የኦይለርን ሥራ ነው የሚሠራው። መንገዱ ቢጣመም ባይጣመም ማን ጠየቀው?

ኦይለር ያን ሲጽፍ እዚያው ኮኒግስበርግ ውስጥ አንድ የአሥር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። ካንት ይባላል። አድጎ ፈላስፋ ሆነ፣ ከዚያች ከተማ እምብዛም ሳይርቅ እዚያው ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1781 ባወጣው መጽሐፉ ያለውን በእኛ ቤት ላስረዳችሁ። እንጀራ ለምን ክብ ሆነ? ጤፉ ክብ ስለሆነ ነው? ሊጡ ክብ ስለሆነ ነው? አይደለም። ምጣዱ ክብ ስለሆነ ነው። ካንት ያለው ይህንን ነው። ቦታ የሚባለውን ነገር ከውጭ አናገኘውም፤ የምናየው ሁሉ የሚጋገርበት ምጣድ ነው፣ ምጣዱም እኛ ነን።

ፈላስፋው በሐሳብ ብቻ ነው ይህን ያለው። ጊዜው ሲደርስ አንጎል ውስጥ የሚያይ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1971 ኦኪፍ የሚባል ተመራማሪ አይጥ አንድ የተወሰነ ቦታ ስትደርስ ብቻ የሚነቁ የአንጎል ሕዋሳት እንዳሉ አሳወቀ። እ.ኤ.አ. በ2005 ኖርዌይ ውስጥ ሜይብሪት ሞዘርና ኤድቫርድ ሞዘር ከባልደረቦቻቸው ጋር ሌላ ዓይነት ሕዋስ አገኙ። አንዱ ሕዋስ የሚነቃባቸውን ቦታዎች ወለሉ ላይ ነጥብ በነጥብ ስታስቀምጧቸው ምን ይሆናሉ? እኩል ጎን ያላቸው ጎነ ሦስቶች፤ ስድስት ስድስት ሆነው ሲገጣጠሙ የማር እንጀራ። የአይጧ ወለል ላይ እኮ ምንም አልተሳለም! ማር እንጀራው ያለው አንጎሏ ውስጥ ነው። ሦስቱ እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማት ወሰዱ።

እዚህ ጋ ትንሽ ታገሱኝ፣ የራሴን ልናገር። ዶሮ ማነቂያና አካባቢው በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ እኔ ከከተማ ውጭ ነበርኩ። ተመልሼ በእግሬ ወጣሁ። ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር፣ እግሬ በራሱ ይሄዳል። አንድ ቦታ ላይ ድንገት ወደ ግራ ታጠፍኩ። ለምን? እዚያ ጋ መታጠፊያ ነበር። አርባ ዓመት የታጠፍኩበት። አሁን ግን መታጠፊያ የለም፤ ሰፊ ሜዳ ነው። ሜዳ መሃል፣ ጥግ በሌለበት፣ ጥግ ታጠፍኩ! አንዲት የጽዳት ሠራተኛ «ምን ጠፋብዎ አባቴ?» አለችኝ። ምን ልበላት? መንገዱ ፈርሷል፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ግን አልፈረሰም። ስለ ልማቱ እያወራሁ አይደለም፤ ያ ሌላ ቀን፣ ሌላ አዳራሽ። ስለ አይጧ ሕዋስ ነው የማወራው። የአይጧ ሕዋስ እኔም ጋ አለ፣ ያ ቀን ሲነቃ ተሰማኝ።

ስንት ሰዓት ሆነ? ኧረ! ሦስተኛውን ቶሎ ልበል። እርግጥ ዋናው እሱ ነበር።

ዩክሊድ የዛሬ 2300 ዓመት ገደማ እስክንድርያ ውስጥ ጂኦሜትሪን በ13 መጻሕፍት አሰናዳ። አምስት ነገር ያለ ማረጋገጫ እመኑልኝ አለ። አራቱ ቀላል ናቸው። አምስተኛው ግን የትይዩ መስመሮች ጉዳይ ነው፤ ዛሬ በሚነገርበት አባባል፣ ከመስመር ውጭ ባለ ነጥብ በኩል ለመስመሩ ትይዩ የሚሆን አንድ መስመር ብቻ ይሰመራል። ሊቃውንቱ ይህን ከአራቱ ለማውጣት 2000 ዓመት ታገሉ። ሀንጋሪያዊው ፋርካሽ ቦያይ ዕድሜውን ጨርሶበት አልሆነለትም። ልጁ ያኖሽም በዚያው ሲጀምር ስለ ፈጣሪ ብሎ እንዲተወው ለመነው። ልጅ አባቱን መቼ ይሰማል? እ.ኤ.አ. በ1832 ያኖሽ ትይዩው ከአንድ በላይ የሚሆንበትን ሌላ ጂኦሜትሪ አሳተመ። የት? በአባቱ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ፣ እንደ ቅጥያ ሆኖ! ሩሲያ ውስጥ ሎባቼቭስኪ ከእሱ ሦስት ዓመት ቀድሞ በራሱ መንገድ ደርሶበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1854 ደግሞ ሪማን ተነሳና የትኛው ጂኦሜትሪ የዓለም እንደሆነ ተቀምጦ በማሰብ አይታወቅም፣ ወጥቶ መለካት ያስፈልጋል አለ። ምጣዱ አንድ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ቤት ስትገቡ ብርቱካን አንሱ። ከአናቱ እስከ እግሩ አራት ቦታ ቁረጡት፣ ከዚያ ወገቡ ላይ አንዴ። ስምንት ቁራጭ ይሆናል። የአንዱን ልጣጭ እዩ፤ ጎነ ሦስት ነው፣ ሦስቱም ማዕዘኖቹ 90 ዲግሪ ናቸው። ድምሩ 270! ስንት ልጅ ነው 180 አላልክም ብዬ ማርክ የቀነስኩበት? ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ወደ ዋሽንግተን የሄደ ካለ ያውቀዋል። እኔ የሄድኩበት አውሮፕላን ደብሊን ላይ ነዳጅ ቀድቷል። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ናት፣ ዋሽንግተን 39፣ ደብሊን 53። ከአጠገቤ የተቀመጡት እናት «ልጄ፣ ምነው ዙሪያ ጥምጥም ወሰዱን?» አሉኝ። ጠፍጣፋው ካርታ ላይ ቀጥታው መንገድ በሰሃራ በኩል ነው። ምድር ግን ብርቱካን ናት፤ በእሷ ላይ አጭሩ መንገድ ከዚያ ወደ ሰሜን ወጥቶ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል ነው የሚያልፈው፤ ደብሊን ላይ ማረፉ ብዙም አያረዝመውም። ዙሪያ ጥምጥሙ ካርታው ነበር።

አይንሽታይን እ.ኤ.አ. በ1915 ይህንን ከምድር ቆዳ ወደ ራሱ ወደ ቦታና ወደ ጊዜ ወሰደው። ከባድ ነገር ባለበት ቦታውም ጊዜውም ይጎብጣል። እ.ኤ.አ. በ1919 የፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ በፀሐይ አጠገብ የሚያልፈው የከዋክብት ብርሃን ታጥፎ ታየ። ያ መኪና የጠራሁበት ሳተላይትም ሰዓቱ በቀን ወደ 38 ማይክሮ ሰከንድ ከእኛ ይቀድማል። ባይታረም ስህተቱ በቀን ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ያኔ ጀበናም አያድነንም።

ወደ አባቴ ልመለስና ላብቃ። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ አንድ ነገር ገባኝ። ሁለት ቱንቢ ጎን ለጎን ስትሰቅል ሁለቱም ወደ ምድር መሃል ነው የሚያመለክቱት። ወደ አንድ ነጥብ የሚሄዱ ሁለት መስመሮች ትይዩ ሊሆኑ አይችሉም! የንግድ ባንክን ዋና መሥሪያ ቤት ታውቁታላችሁ፤ 209 ሜትር ይረዝማል። በዚያ ቁመት፣ በ50 ሜትር ርቀት ሁለት ግድግዳ በቱንቢ ብታቆሙ፣ አናታቸው ላይ ከሥራቸው በአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ይራራቃሉ። ያኔ ሕንጻው ባይኖርም ነገሩን ወረቀት ላይ ሠራሁትና እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። ያ የተናደው ግድግዳ ገና አልወጣልኝም ነበር።

«አባባ፣ የቱንቢ ግድግዳዎች ትይዩ አይደሉም» አልኩት። አስረዳሁት። ብርቱካን ሁሉ ቆርጬ አሳየሁት። በትዕግሥት ሰማኝ። ብርቱካኑን በላው። ከዚያ ጠየቀኝ።

«ታዲያ ግድግዳው ይወድቃል?»

«አይወድቅም።»

«ሁለቱን ትይዩ ባደርጋቸውስ?»

«ያኔ አንዱ ትንሽ ያዘነብላል።»

«እንግዲያው ልክ ነው» አለና እጁን ሊታጠብ ተነሳ።

አያችሁ፣ ለእሱ ልክ ማለት የወረቀቱ ትይዩ አልነበረም። ለምን እንደሆነ እኔ እስክሸመግል አልገባኝም።

አንዲት ነገር ብቻ፣ ከዚያ ጥያቄ እንቀበላለን። ኤራቶስቴንስ የሚባል ሰው የምድርን ዙሪያ የለካው በዚሁ ነገር ነው። የአባይ ውሃችን በሚያልፍበት አስዋን ዓመታዊው ረጅም ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች፣ ጥላ የለም። በዚያው ሰዓት እስክንድርያ ላይ ጥላ አለ። የሁለቱ ከተማ ቱንቢ ልዩነት የክብ አንድ ሃምሳኛ ሆነ። ርቀቱን በ50 አባዛው፣ አለቀ።

አዲስ አበባስ? እኛ ጋ ፀሐይ አናት ላይ የምትቆመው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። ነሐሴ 23 አካባቢ አንዱ ነው፤ ያኔ ግን ደመናው አያሳየንም። ሌላው ሚያዝያ 5 አካባቢ ነው፣ ከቀኑ 6:25 ገደማ። ያን ቀን ከከንቲባው እስከ ሊስትሮው ከተማው ሁሉ ጥላ ቢስ ይሆናል። መጋቢት ላይ ነን፤ የሚመጣው ወር ማለት ነው። እዚሁ በራፍ ላይ እንገናኝ። የአባቴ ቱንቢ አለችኝ፣ ይዣት እመጣለሁ። እንሰቅላትና የሲባጎዋ ጥላ ወደ ራሷ ሥር ሲገባ እናያለን። ግን በሰዓቱ ኑ፣ ፀሐይ የሐበሻ ቀጠሮ አታውቅም።

እሺ፣ ማን ይጠይቅ? እርስዎ፣ ነጠላ የለበሱት።